የማይጠወልግ አበባ

የሜዳ አበባ ጧት ፈክቶ ማታ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሰው ከጥንት ጀምሮ የማይረግፍ አበባ በእጁ ሊሠራ ደከመ። ከዚህ ድካም ፍሬ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ የተገኘው በዛሬዪቱ ኢራቅ ደቡብ፥ በዑር ነው፤ አባታችን አብርሃም የወጣባት የከለዳውያን ዑር ይህች ናት የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው።

እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ዉሊ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1922 እስከ 1934 ዓ.ም. በዚያ ሲቈፍር፥ ከልደተ ክርስቶስ 2500 ዓመት ያህል አስቀድሞ የተቀበሩ የታላላቅ ሰዎችን መቃብር አገኘ። ከነርሱም አንዲቱ ስሟ በማኅተሟ የተቀረጸው ንግሥት ፑአቢ ናት። በራሷ ላይ የወርቅ ጥብጣብና የአኻያ ቅጠል የሚመስል የወርቅ ጕንጕን፥ ከኋላም በጫፉ ሰባት የወርቅ አበቦች የቆሙበት ሚዶ ነበረ። አንጥረኞቹ ወርቁን እንደ ወረቀት እስኪሣሣ ቀጥቅጠው ቅጠሉን ቈረጡ፤ በሌሎችም አበቦች ላይ ነጭ ዛጎልና ላጲስ ላዙሊ የተባለውን ሰማያዊ ድንጋይ ፈርጥ አድርገው አስገቡ። ይህም ድንጋይ የመጣው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ነው፤ የዑር ምድር ጭቃና ሸምበቆ እንጂ ወርቅም ዕንቍም የላትምና።

ነገር ግን ይህን ጌጥ የሚያደንቅ ሁሉ ዋጋውንም ሊያስብ ይገባዋል። ከዚያው ከመቃብሩ ስፍራ በአንድ ጕድጓድ 74 ሰዎች ተገኙ፤ ከነርሱም 68ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ጌታቸውን በሞት እንዲከተሉ ከነጌጣቸው ተቀብረዋል። ዉሊ በፈቃዳቸው መርዝ ጠጥተው እንዳንቀላፉ ገምቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዑር የወጡ ሁለት የራስ ቅሎች በሲቲ ስካን ተመርምረው፥ በ2011 ዓ.ም. በታተመው ጥናት በሹል መሣሪያ እንደ ተመቱ ተገለጠ። ከሴቶቹ የአንዲቱ የብር ጥብጣብ እንደ ተጠቀለለ በወገቧ አጠገብ ተገኘ። ምናልባት ዘግይታ ስትቸኵል ለማሰር ጊዜ አላገኘች ይሆናል።

በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው ባስልኤልም የወርቅ አበባ ሠርቷል። መቅረዙ ከአንድ መክሊት ጥሩ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ፥ ስድስት ቅርንጫፎች ያሉት፥ በየቅርንጫፉም ሦስት የለውዝ አበባ የሚመስሉ ጽዋዎች የነበሩበት ነው። የሁለቱ ጥበብ ቀጥቃጭ እጅ ነው፤ አገልግሎታቸው ግን ተለያየ። የዑር አበባ ከሕያዋን ጋር ወደ ጨለማ ወረደ፤ የመቅረዙ አበባ በጨለማ መብራት ተሸከመ።

የፑአቢ አበቦች ዛሬ በፊላደልፊያ ቤተ መዘክር ያበራሉ። ጥብጣቧን ሳታስር የሞተችው የዚያች ሴት ስም ግን በየትኛውም ማኅተም አልተገኘም።