ቤት ለእንግዳ፤ ጽዋውስ?

ከዓመታት በፊት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበር ወጣ ብላ በምትገኝ ስሟን በማልጠራት ደብር፣ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን መሄጃ አጥቼ ከአንድ ጽድ ሥር ቆሜ ነበር። የሰንበቴው ሙሴ ከደጃፉ ብቅ አሉና «አንተ ልጅ፣ ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የተጠየቅሁት ዳቦው እጄ ከገባ፣ ጠላውም ከቀረበልኝ በኋላ ነው።

ሰንበቴንና ማኅበርን የምናምታታ ብዙዎች ነን። ማኅበር በወር አንድ ጊዜ፣ በመልአክ ወይም በጻድቅ ስም፣ በአባላቱ ቤት በየተራ ይጠጣል። ሰንበቴ ግን በዕለተ ሰንበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ለነዳያን፣ ለመንገደኛና ለቆሎ ተማሪም ይተርፋል። የተጣላ ካለ በዚያው ይታረቃል፤ የቀረ ካለም «ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን። ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን እንጠራለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁም የእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ፍሬ ናቸው። ሆኖም ያ ሁሉ ደበሎ ለባሽ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሰጠው፣ ከውሻ ያስጣለው የገበሬው ቤት ነው። ቅኔውን መምህራኑ ዘረፉት፤ ያበላው ግን ባላገሩ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ርስት ጉልቷን አጣች። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ የተደነገገው ሰበካ ጉባኤ ያን ጊዜ ትርጉሙ ጎላ። ደብሩን የሚያቆመው መሬቱ ሳይሆን ምእመኑ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ አይደለምን?

ነገር ግን ያን እሑድ ያየሁትን ካልተናገርኩ ውዳሴዬ ግማሽ ውሸት ይሆናል። ከደጁ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ቆመው ነበር። ዳቦ ተሰጣቸው፤ ጠላው ግን በራሳቸው ቅል ተገለበጠላቸው። ጽዋው አልደረሳቸውም። ለእኔ፣ ዘሬን እንኳ ለማያውቀው መንገደኛ፣ የተዘረጋው እጅ ለጎረቤት አጠረ። እኔስ ምን አልኩ? ዳቦው በእጄ ነበርና ዝም አልኩ።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይሁንና አዋጅ በአደባባይ ይነገራል፤ ጽዋ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞር። ጠላው የተጠመቀበት ጋንም፣ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድም የእነዚያው እናት እጅ ሥራ መሆኑን በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

አሁንም ሰንበቴን እወዳለሁ። ስምን ሳይጠይቅ እንግዳን የሚያስገባ ሸንጎ ከየትም ይገኛል? የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ ለመንገደኛው የተባለው «ግባ» ከደጅ ለቆሙት ጎረቤትም «ይግቡ፣ እማማ» ተብሎ እንዲሰማ።