መታቀፍን ያስረሷት ዶሮ

ነገሩ የተጀመረው ፈላና በር ላይ ነው። ለበዓል አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን፣ ከጀጎል ግንብ ወጣ ብለው ዶሮ ይዘው ከተቀመጡ እናቶች ፊት ቆመናል። እኛ የምንጠይቀው ዋጋ ነበር፤ ክብደቱንም በእጃችን እንመዝናለን። ከእኛ አስቀድመው የመጡ አንዲት ሴት ግን ዶሮዋን አገላብጠው አዩና «አዴ፣ ትታቀፋለች?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሻጯም «ኧረ እንዴታ! ባለፈው አሥር አውጥታለች» አሉ። ብዙም ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ።

እኛ ግን ጥያቄው ውስጣችን ቀረ። ለመሆኑ የማትታቀፍ ዶሮ አለች እንዴ? ዶሮ ትታቀፍ እንደሆነ መጠየቅስ የተጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ ይጠይቅ ያለ ስለሌለ፣ ጥያቄውን ተከትለን ሄድን።

መንገዱ ሩቅ ነው፤ ኢጣሊያ ድረስ ይወስዳል። ከሊቮርኖ ወደብ በ19ኛው ምዕት ዓመት ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ዶሮዎች የወደቡን ስም ይዘው «ሌግሆርን» ተባሉ። ያ ዘመን የዶሮ ትርዒት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 የአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር የየዘሩ መልክ ምን መምሰል እንዳለበት በመጽሐፍ ደነገገ። የላባው ቀለም፣ የኩክኒው ቅርጽ፣ የእግሩ ቢጫነት ሳይቀር ተጻፈ። ከደንቡ የወጣች ዶሮ ከእርባታው ወጣች።

ቀጥሎ የመጣው ማጣሪያ ግን ከመልክ ይልቅ ጠባይ ላይ ያነጣጠረ ነበር። ዶሮ ስትታቀፍ 21 ቀን እንቁላሏ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ይዛ ሳምንታት ትዞራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። ለእንቁላል ነጋዴ ይህ ኪሳራ ነው፤ ለመፈልፈሉማ ማሽን ተገኝቷል። (ግብጾች ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ምድጃ ይፈለፍሉ እንደነበር እናስታውስ፤ አሳቡ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።) ስለዚህ የምትታቀፈዋ እየተለቀመች ወጣች፤ የማትታቀፈዋ ዘር ተካች። ከብዙ ትውልድ በኋላ በዓመት ከ250 በላይ የምትጥል ነጭ ዶሮ ተገኘች። እናትነትን የሚቀሰቅሰው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን አሁንም በደሟ ውስጥ አለ፤ እሷ ግን እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች።

ይህች ዶሮ ወደ ጎረቤታችን የመጣችው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ዓለማያ ሲከፈት፣ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ሌሎችም ዘሮች አብረው ገቡ። ከዚያ በኋላ የተሻሻለ አውራ ዶሮ ለገበሬው ይታደል ጀመር። ተቀባዩ አስቀድሞ የራሱን አውራ እንዲያስወግድ ይጠየቅ ነበር፤ ዘሩ እንዳይበረዝ!

እዚህ ላይ ፍርዳችንን እንናገር። እንቁላሉ ቀልድ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው፤ እሱም ትንንሽ። ባለሙያዎቹም ለተራበ አገር ምግብ ነው የፈለጉት። ነገር ግን የቆጠሩት እንቁላሉን ነው፤ መታቀፍን የሚቆጥር ዓምድ በመዝገባቸው አልነበረም። በአንዲት የገጠር እናት ቤት የምትታቀፍ ዶሮ ማለት ግን መብራት የማትፈልግ መፈልፈያ ማለት ናት። አሥር ጫጩት አውጥታ ጭልፊት አራቱን ቢወስድ እንኳ ስድስት ይተርፋሉ፤ የከርሞው ዶሮ ከዚያው ይመጣል። የፈረንጇ ስትሞት ግን ከጣቢያ ሌላ መጠበቅ ነው፣ ጣቢያው ካለው። ቀለሟም ሌላ ጣጣ ነው። ወሰራና ገብስማ፣ ዥግርማም ከቁጥቋጦ ጋር ሲመሳሰሉ፣ ነጯ ለጭልፊት ከሩቅ ትታያለች።

እናቶቻችን ዘዴ አላጡም። የፈረንጇን እንቁላል ለሐበሻዋ ያስታቅፋሉ! መታቀፍ ያበዛችውን ደግሞ ውሃ ነክረው፣ ቁልቁል ሰቅለው፣ አለዚያም አፍንጫዋን በላባ ወግተው ያስተዋሉ። ሲፈልጉ ያስቆማሉ፤ ሲፈልጉ ያስታቅፋሉ። ሌግሆርን ያሳጣችው ይህን ምርጫ ነው።

ነገሩ በዶሮ ብቻ አያበቃም። ሰፊ ደረት እንዲኖረው የተመረጠው የአሜሪካ ተርኪ በራሱ መገናኘት ስላቃተው በሰው እጅ ይዳቀላል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተወለደ «ቺፍ» የተባለ የሆልስታይን ኮርማ ደግሞ 16,000 ሴት ልጆች አሉት፤ ወተታቸው የተመሰገነ ነው። በ2016 እንደታተመው ጥናት ግን ከእሱ የወረደ አንድ የዘር እንከን ከእናትም ከአባትም ሲገጥም ጽንሱን ይገድላል። በዓለም ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንዳስወረደ ተገምቷል። የአንዱ ኮርማ ዘር ስለበዛ ነው ሁለቱ እንከኖች የሚገናኙት፤ አለዚያማ በየመንጋው ተበትኖ ተደብቆ በቀረ።

ካምፓሳችን ውስጥ ደካማ ሰው «የፈረንጅ ዶሮ» ይባላል። ስድቡ ልክ አይመስለንም፤ እሷ ያደረገችው ሰዎች የመረጡላትን ነው።

እኛ በመጨረሻ የገዛነው ቀይ አውራ ነው፤ ሥጋው እስኪበስል ራት አመሸብን። አንባቢ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትሄድ እናትህን ወይም አያትህን ጠይቅልን፦ ገበያ ላይ «ትታቀፋለች?» ማለት የጀመሩት መቼ ነው? ዓመቱን ባያስታውሱ የማን ዘመን እንደነበረ ይንገሩህ፤ ጽፈህ አምጣልን።