እጅን ነጻ ያወጣ እግር

አያታችሁ ጥጥ ሲፈትሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካያችሁ እጃቸውን አስታውሱ። አንዱ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ሌላው ባዘቶውን ይዞ ይስባል። ክሩ ትንሽ ሲረዝም ሥራው ቆም ይልና እንዝርቱ ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ሁለቱም እጆች ሥራ በዝቶባቸዋል። እስቲ አስቡት፣ ማሾሩን እግር ቢረከባቸውስ?

ይህ የሆነባት አንዲት የቻይና መንደር ነበረች። ስሟ ዉኒጂንግ ነው፤ ዛሬ የሻንጋይ ከተማ አካል ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖረው ጸሐፊ ታው ዞንግዪ እንደሚለው፣ የአካባቢው መሬት ለእህል ስለማይመች ሕዝቡ ኑሮውን ለመደጎም ጥጥ ተከለ። ግን ደህና መሣሪያ አልነበረውም፤ ፍሬውን እንኳ የሚፈለቅቀው በእጁ ነበር። በኋላ አንዲት ሴት ከሩቅ ደቡብ፣ ከሃይናን ደሴት መጣች። ሁዋንግ ዳውፖ ይሏታል። መዳመጡን፣ በደጋን መንደፉን፣ መፍተሉንና መሸመኑን ከነመሣሪያው አስተማረቻቸው። ሰዎቹም ጨርቃቸውን ወደ ሌሎች አውራጃዎች እየሸጡ ኑሯቸው ተሻሻለ።

ጥጥ የሚፈተልበት ባለ ሦስት እንዝርት የእግር መዘውርም የእሷ ሥራ ነው ይባላል። በ1313 የወጣው የዋንግ ጄን የግብርና መጽሐፍ መሣሪያውን በሥዕል ያሳየናል። ፈታይዋ ቁጭ ብላ በእግሯ አንድ የእንጨት ዘንግ ታንቀሳቅሳለች። ዘንጉ ከመንኮራኩሩ መሃል ወጣ ብሎ ስለተያያዘ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚለው እንቅስቃሴ ልክ እንደ ብስክሌት ፔዳል ወደ ዙር ይለወጣል። ከመንኮራኩሩ የሚነሳ ገመድ ደግሞ ሦስቱን እንዝርቶች አንድ ላይ ያሾራል። እጆቿ ነጻ ስለሆኑ ሦስት ክሮችን በጣቶቿ መሃል ለይታ ትስባለች።

አሁን ወደሚገርመው ነገር እንምጣ። ዋንግ ጄን የጥጡ መንኮራኩር የተክል ልጥ ከሚፈተልበት ያንሳል ይላል። ግን ትልቅ መንኮራኩር አይሻልም ነበር? ሂሳቡን እንየው። የመንኮራኩሩ ዙሪያ ከእንዝርቱ 20 እጥፍ ከሆነ፣ አንዴ ሲዞር እንዝርቱ 20 ጊዜ ይሾራል። 40 እጥፍ ከሆነ ደግሞ 40 ጊዜ። የልጥ ፋይበር ረጅም ነው፤ ቀድሞ ተቀጣጥሎ ስለሚዘጋጅ ማክረር ብቻ ይበቃዋል። የጥጥ ፋይበር ግን 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እየተሳበ መክረር አለበት። እንዝርቱ ከእጅ ከቀደመ ጥጡ ሳይሳሳ ይከርና ይበጠሳል። ስለዚህ ለጥጥ የተሻለው ቀስ የሚለው ነበር። እግሩ የእጅን ፍጥነት መጠበቅ ነበረበት።

ፈጠራው የማን ነው? ታው ሁዋንግ መሣሪያዎቹን አስተማረች ይላል እንጂ ባለ ሦስት እንዝርቱን ለይቶ አይጠቅስም። እሷም ብትሆን ሙያውን የተማረችው ከሃይናን የሊ ሕዝብ ሴቶች ነው ይባላል። ቻይና በ1980 ከጥንት ሳይንቲስቶቿ ጋር ምስሏን በቴምብር አውጥታለች። የእነዚያን የሊ ሴቶች ስም ግን የመዘገበ የለም።

አያታችሁ ጋ ስትሄዱ «እንዝርቱ ከእጅዎ ቢፈጥን ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ጣታቸው ያውቀዋል።