ቤተ መንግሥቱን ያላየችው እህት

ተረት በተተረከ ቁጥር ይለወጣል። ቀይ ቆብ ያደረገችውን ልጅና የተኩላውን ተረት ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው መጽሐፍ ተኩላው ልጅቱን ይበላታል፤ ተረቱም እዚያው ያበቃል። ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ሲያሳትሙት ግን አዳኝ ደርሶ የተኩላውን ሆድ ይቀድና ልጅቱንም አያቷንም በሕይወት ያወጣቸዋል። ተረቱ አንድ፣ ፍጻሜው ሁለት ሆነ። ስለዚህ የቆየ ተረትን ወይም አፈ ታሪክን እንደ አዲስ የሚተርክ ልብ ወለድ እጃችሁ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፤ ደራሲው ምኑን ለወጠ? የለወጠበት ቦታ ላይ ስለ ሰውና ስለ ፈጣሪ የሚያስበውን ታገኙታላችሁ። ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ እናንሣ።

መነሻው አፍሪካ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው በማዳውሮስ የተወለደው አፑሌዩስ አንድ ልብ ወለድ በላቲን ጻፈ። ማዳውሮስ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አውግስጢኖስ በልጅነቱ የተማረባት ከተማ ናት። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሽፍቶች ጠልፈው ያመጧትን ሙሽራ ለማጽናናት ተረት ትነግራታለች። አንድ ንጉሥ ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። የታናሺቱ የፕሲኬ ውበት ሰው ሁሉ እንዲሰግድላት ስላደረገ ቬነስ የተባለችው አምላክ ቀናች። ፕሲኬም ለአውሬ ሚስት ትሆን ዘንድ በተራራ ላይ ተተወች። ነፋስ ግን አንሥቶ ወደ አንድ ድንቅ ቤተ መንግሥት ወሰዳት። ባሏ የሚመጣው በጨለማ ብቻ ነው፤ ፊቱን እንዳታይም ከልክሏታል። እህቶቿ መጥተው ቤተ መንግሥቱን አዩ፣ ቀኑ፣ ባልሽ እባብ ነው አሏት። እርሷም ሌሊት መብራት አብርታ አየችው፤ የቬነስ ልጅ ኩፒድ ነበር። ከመብራቱ የጋለ ዘይት ጠብ ሲልበት ነቅቶ ጥሏት ሄደ። ከብዙ መከራ በኋላ ግን መልሳ አገኘችው።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። የናርንያን ታሪኮች የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1898 በቤልፋስት ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆሰለ፤ በኦክስፎርድ ሲማር አምላክ የለም ባይ ነበር። የፕሲኬን ተረት እንደገና ለመተረክ የተነሣው ያኔ ነው። በግጥም ሞከረው፤ አልሆነለትም። በ1931 ክርስቶስን አመነ። ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ የታተመው ግን በ1956 ነው፤ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ፊት እስኪኖረን ድረስ» እንደ ማለት ነው። ሉዊስ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስበልጠው ይህን መጽሐፍ ነበር።

ምኑን ለወጠ? ከመጀመሪያው ያሰበው ለውጥ አንድ ነበር፤ ታላቅ እህት ቤተ መንግሥቱን አታይም። ታሪኩንም የምትነግረን እርሷው ናት። ኦሩዋል ትባላለች። መልከ ጥፉ ናት፤ እናቷ በወሊድ የሞተችባትን ፕሲኬን እንደ ልጇ አሳድጋታለች። አፅሟን ለመቅበር ወደ ተራራው ስትወጣ በሕይወት፣ በጤናና በደስታ ታገኛታለች። ፕሲኬ በእጇ ውኃ ቀድታ የወይን ጠጅ ነው ትላታለች፤ የቤተ መንግሥቴ ደረጃ ላይ ነሽ ትላታለች። ኦሩዋል የሚታያት ሣርና ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከወንዙ ልትጠጣ ስትንበረከክ፣ በጭጋግ ውስጥ ለቅጽበት ታየዋለች፤ ወዲያው ይጠፋባታል። ሆኖም መብራቱን ካላበራሽ አንቺንም ራሴንም እገድላለሁ ብላ የገዛ ክንዷን በጩቤ ወግታ እህቷን ታስገድዳለች።

ሉዊስ በ1955 በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ከማመኑ በፊት ባሰበው ታሪክ እውነቱ ከኦሩዋል ጋር ነበር፤ ጥፋተኞቹ አማልክቱ ነበሩ። ካመነ በኋላ ያንኑ ሴራ ይዞ ፍርዱን ገለበጠው። ክሷን ግን አላሳጠረባትም። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል የእርሷ አቤቱታ ነው። መልሱ የሚመጣው በሁለተኛው አጭር ክፍል ነው፤ ክሷን በአማልክት ፊት ስታነብ የገዛ ድምፅዋን ትሰማለች። ፍቅር ያለችው ነገር እህቷን ለራሷ ብቻ የማድረግ ጥማት እንደ ነበረ ያኔ ይገባታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦሩዋል መጽሐፏን ለመጻፍ የተነሣችው በአንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ካህኑ ተረቱን ሲተርክ ሰምታ ነው። ካህኑ እንደ አፑሌዩስ «እህቶቿ ቤተ መንግሥቱን አይተው ቀኑ» ይላል። እርሷም «አላየሁም፤ ከወደድኳት በቀር ምን አጠፋሁ?» ብላ ትቆጣለች። ቅናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በቀላሉ እናወግዛት ነበር። ሉዊስ ግን ጥፋቱን ፍቅር በምንለው ነገር ውስጥ አስቀመጠውና ለማምለጥ አስቸጋሪ አደረገብን።

በ1957 ለአንድ አንባቢ ሲጽፍ፣ ኦሩዋል የደረሰባት ነገር በተራ ቤተሰቦች ውስጥ ዛሬም የሚሆን መሆኑን አስረድቷል። ከቤተሰቡ አንዱ ይጠራል፤ የቀሩት እንደ ተቀሙ ይሰማቸዋል። ከመካከላችሁ ጌታን ስለተከተለ ቤቱ የከበደው አለ። እናቱ የምታለቅሰው ስለምትጠላው አይደለም፤ እርሱ የሚያየውን ቤተ መንግሥት እርሷ ስለማታየው ነው። ይህን የተረዳ ልጅ እምነቱን ሳይጥል ለእናቱ ልቅሶ ይራራል፤ ክርክሩን አሳጥሮ ዕቃውን አብሯት ያጥባል።

ጥያቄው ወደ እኛም ይዞራል። አብራችሁ ያገለገለች ጓደኛችሁ ወደ ሌላ ከተማ ለአገልግሎት ስትጠራ፣ ወይም የልብ ወዳጃችሁ ትዳር ሲይዝ፣ «ስለምወድሽ ነው፤ ስለምወድህ ነው» ብላችሁ ያዝ አድርጋችሁ አታውቁም? ነቢዩ ናታን ለዳዊት የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው፤ ዳዊትም በሌላ ሰው ላይ ፈርዶ ሲጨርስ የተፈረደበት እርሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ኦሩዋልም አቤቱታዋን ለእኛ ታነብልናለች፤ እናዝንላታለን፣ ልክ ናት እንላለን። በሁለተኛው ክፍል ፍርዱ ሲገለበጥ ግን ከእርሷ ጋር የቆምነው ሁሉ አብረን እንጠየቃለን።