አንጀት ሲታወክ፤ «ምንም የለብህም» የተባለው በሽተኛ ታሪክ

አባቶቻችን ያዘነውን ሰው ሲያዩ «ሆዱ ባባ»፣ የተቈጨውን ሲያዩ «አንጀቱ አረረ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጌጥ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ሐዘንና ቍጣ በእውነት ወደ ሆድ የሚወርዱ መሆናቸውን የሕክምና ጥበብ በዓይን አይቶ ያረጋገጠው ብዙ ከደከመ በኋላ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በማኪናክ ደሴት፣ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ በአውሬ ቆዳ ንግድ የተቀጠረ ወጣት ካናዳዊ፣ ጠመንጃ ባርቆ ሆዱን በሳው። የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዊልያም ቦሞንት አስታሞ ከሞት አዳነው፤ ሆኖም ቍስሉ ሲሽር ቀዳዳው ሳይደፈን ስለ ቀረ ጨጓራው ከውጭ የሚታይ ሆነ። ሐኪሙም ከ1825 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው አስገባ፤ በየሰዓቱም እየሳበ አፈጫጨቱን መረመረ። በ1833 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰውየው በተቈጣ ጊዜ የጨጓራው ገጽ እንደሚለወጥና የምግቡም መፈጨት እንደሚታወክ ነው።

ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. ራጅን ባገኘ በዓመቱ ደግሞ፣ በሃርቫርድ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን ቢስመት የተባለውን ማዕድን ከምግብ ጋር ደባልቆ ለድመቶች ማብላት ጀመረ። በጨረሩም የጨጓራቸው እንቅስቃሴ እንደ ማዕበል ሲመላለስ አየ። ድመቲቱ ስትሸበር ማዕበሉ ቀጥ ይላል፤ ጸጥ ስትል ግን እንደገና ይነሣል። እንግዲህ ቍስል ወይም ዕጢ ሳይኖር፣ የሆድ ሥራ ብቻውን ሊታወክ እንደሚችል ታወቀ።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ በሽተኛው ወዲያው ዕረፍት አላገኘም። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን መካከል ሆዱ የሚነፋውና የሚቈርጠው፣ አንድ ቀን ድርቀት አንድ ቀን ተቅማጥ የሚፈራረቅበት፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲዞር «ምንም የለብህም» እየተባለ የተመለሰ ሰው አይጠፋም። ሕመሙን አስመሳይነት ነው ብለው የሚያሙትም አሉ።

ይህን ስሕተት ለማረም በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል፣ ሐኪሞች የእንዲህ ያሉትን በሽተኞች ምልክት ለይተው ጻፉ፤ ይኸውም ሕመሙ ከሰገራ በኋላ የሚቀል፣ ሕመሙ ሲጀምር ሰገራው የሚቀጥንና የሚበዛ መሆኑ ነው። ሊቃውንት ከ1988 ዓ.ም. የሮማ ጉባኤ ወዲህ ደንቡን እያሻሻሉ በ2016 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ አወጡት። በዚህም መሠረት ከስድስት ወር በፊት የጀመረ፣ ባለፉት ሦስት ወሮች በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚመላለስ፣ ከሰገራ መለዋወጥ ጋር የተያያዘ የሆድ ሕመም ስም ያለው ደዌ ነው። የስኳር በሽታ ነርቭን ጎድቶ ጨጓራን ሲያሰንፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለዚህ ሐኪሙ ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣበትን ሰዓት ይለካል።

ሕክምናውም የሚጀምረው ደዌውን ለበሽተኛው በማስረዳት ነው። ከዚያ ወዲያ አመጋገብን ማስተካከል፣ በእግር መሄድ፣ ቍርጠትን የሚያበርድ መድኃኒት መውሰድ ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒት በጥቂቱ ይታዘዛል፤ ይህም የአንጀትን ሕመም ለማስታገሥ እንጂ በሽተኛው አብዷል ተብሎ አይደለም።

ነገር ግን፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ሰምታችሁ ራሳችሁን በራሳችሁ አትመርምሩ። በአገራችን የአንጀት ትላትል ብዙ ስለሆነ የሰገራ ምርመራ ይቅደም። ከሰገራ ጋር ደም የታየበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ያለበት፣ ወይም በሸመገለ ጊዜ ሕመሙ አዲስ የጀመረው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰውን ሰው ግን «ምንም የለብህም» ብለን አንሸኘው። የሴንት ማርቲን ጨጓራ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የመሰከረለት ሕመም አለበትና።