የእርሾ አመድና የሞላሰስ አመድ

ጠላ ጠማቂ እርሾ አልኮል እንደሚያወጣ ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አላስፈለጋትም። እርሾው ራሱ በምን እንደሚኖር ግን በወጉ የተመረመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሉዊ ፓስተር በ1860 ባሳተመው ጥናት፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ስኳር፣ አንድ የአሞንየም ጨውና የተቃጠለ እርሾ አመድ ጨምሮ፣ የመርፌ ራስ የምታህል እርሾ ዘራበት። እርሾው በዛ፤ ስኳሩም አልኮል ሆነ። አመዱ ሲቀር ግን እርሾው አላድግ አለ። ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ይህን አልተቀበለም፤ መብላላት ለእርሱ የመፈራረስ ውጤት እንጂ የሕያው ፍጡር ሥራ አልነበረምና። በ1869 ሙከራውን ደግሞ እንዳልሆነለት ገለጸ። ፓስተር በበኩሉ በ1871፣ ዳኞች ተሰይመው በፊታቸው የተፈለገውን ያህል እርሾ ከማዕድን ጨው አበቅላለሁ ሲል ለግጥሚያ ጋበዘው። ሊቢግ ግብዣውን ሳይቀበል በ1873 ሞተ። የሚያስገርመው፣ ሰብል ከአፈር ማዕድን እንደሚመገብ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለምን ያስተማረው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ለስንዴ የፈቀደውን ለእርሾ ነፈገ!

በአመዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ማዕድን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሌላ መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። አርተር ሃርደንና ዊሊያም ያንግ በ1906 ገደማ በእርሾ ጭማቂ ላይ ፎስፌት ሲጨምሩ የጋዙ ፍጥነት ወዲያው ከፍ አለ፤ ትርፍ ሆኖ የወጣውም ጋዝ በተጨመረው ፎስፌት ልክ ነበር። ስኳሩን ከፎስፌት ጋር የሚያጋባው ኢንዛይም ያለ ማግኒዚየም እንደማይሠራ ኋላ ታወቀ። አልኮሉን በመጨረሻው እርምጃ የሚሠራው ኢንዛይም ዚንክ እንደያዘ ደግሞ በ1955 ተረጋገጠ።

በእኔ አስተያየት በፋብሪካዎቻችን ዘንድ ቸል የሚባለው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በ2008 በአዲስ አበባ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ምንጩ የፊንጫ ሞላሰስ ነበር። ሞላሰስ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የሚቀር በመሆኑ አመዱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የፓስተር አመድ የእርሾ አመድ ሲሆን፣ የሞላሰስ አመድ የአገዳውና ጭማቂውን ለማጥራት የሚጨመረው ኖራ አመድ ነው። ፖታሲየሙና ካልሲየሙ ይትረፈረፋል፤ ለእርሾ የሚሆነው ፎስፎረስ ግን ያንሳል። ካልሲየምን የምናማው በማንጠሪያው ማማ ውስጥ በሚጋግረው ቅርፊት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በመብላያው ጋን ውስጥ ማግኒዚየምን እየተቀናቀነ እርሾውን ያዳክማል። የምርመራው ወረቀት ጠቅላላ አመዱን በመቶኛ ብቻ ሲነግረን፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ለየብቻ ካልተመዘኑ፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ስንት ኪሎ እንደሚጨመር በግምት እንወስናለን ማለት ነው።