የታሰረው አውሮፕላን እና «የመጀመሪያው» ሰውዬ

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር አለ፦ «የመጀመሪያው» የሚል ቃል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ያኔ ፈተና ለማለፍ ብዬ ነበር የያዝኩት። የገባኝ ግን ከማላውቀው ዓለም፣ ከሞዴል አውሮፕላን ታሪክ ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነው።

ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው። እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ልጆች ከባልሳ እንጨት የሚሠሯቸው አውሮፕላኖች የሚበሩት በተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ከዚያ ቢል ብራውን የሚባል ወጣት እጅ ላይ የምትያዝ የቤንዚን ሞተር ሠራ። በ1933 ጓደኛው ማክስዌል ባሴት ይችን ሞተር ገጥሞ በብሔራዊው ውድድር ላይ ባለ ላስቲኮቹን አሸነፋቸው። ባለ ሞተሮቹ ከዚያ በኋላ ለብቻቸው እንዲወዳደሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት «ብራውን ጁኒየር» በ21.50 ዶላር ገበያ ላይ ዋለች። ያ ዘመን ሥራ የጠፋበት፣ ዶላር እንደ ወርቅ የሚታይበት ዘመን መሆኑን አትርሱ።

ሞተሯ የመኪና ሞተር ታናሽ እህት ናት በሉት። ካንዴላ አላት፣ ኮይል አላት፣ ኮንደንሰር አላት፣ የባትሪ ድንጋይም ትሸከማለች። ቤንዚን ከወፍራም ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሞላና ፕሮፔለሩ በጣት ይመታል። መጀመሪያ ብልጭታውን በትንሽ ዘንግ ማዘግየት አለባችሁ፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ማስቀደም። ይህን የረሳ ሰው ፕሮፔለሩ ጣቱን መልሶ ይመታዋል። (የድሮ ሞዴሊስቶች ጣት ብዙ የሚናገረው ነገር ሳይኖረው አይቀርም።)

ችግሩ ከተነሳች በኋላ ነው። የሚቆጣጠራት የለም! ቤንዚኗ እስኪያልቅ ትወጣለች፣ ከዚያ ነፋስ ወደወሰዳት ትሄዳለች። ወራት የተለፋበት ነገር በደቂቃዎች ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ሐሳብ መጣላቸው፦ ብናስራትስ? ቴክሳስ ውስጥ ቪክቶር ስታንዘል ከዘንግ ጫፍ ላይ በገመድ አስሮ የሚያበራት «ታይገር ሻርክ» የምትባል አውሮፕላን ይሸጥ ነበር።

በዓለም የታወቀው ግን የኦሪገኑ ጂም ዎከር ነው። ፖርትላንድ ውስጥ «አሜሪካን ጁኒየር» የሚባል የመጫወቻ አውሮፕላን ኩባንያ ነበረው። የእሱ ዘዴ ቀላል ነው፦ አብራሪው መሐል ይቆማል፣ እጁ ላይ ካለው እጀታ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳሉ። አውሮፕላኑ ላይ ሽቦዎቹን የምትቀበል ትንሽ መዘውር አለች፤ እጀታው ዘንበል ሲል መዘውሯ ዞራ የጭራውን ቅጠል ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። አውሮፕላኑ በክብ ይዞራል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይገለበጣል። ዎከር ስሙን «ዩ-ኮንትሮል» አለው፣ «አንተው ተቆጣጠረው» እንደማለት። «ፋየርቦል» የምትባለውን ሞዴሉን ተቆራርጣ በካርቶን የምትሸጥ አደረጋት። በ1942 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሰውዬው ሻጭም ነበር፤ ሁለት አውሮፕላን በሁለት እጁ፣ ሦስተኛውን ከራሱ ላይ አስሮ በአንድ ጊዜ እያበረረ ሕዝብ ያስደምም ነበር። እኔ ባየው ኖሮ እኔም እገዛ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በእነዚህ ሽቦዎች ላይ የሚበር ነገር መሥራት የፈለገ ኩባንያ ለዎከር መክፈል ነበረበት። በ1947 ደግሞ ሬይ አርደን ግሎው ፕለግ የተባለውን ለገበያ አቀረበ። የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፤ አንዴ በባትሪ ከጋለ በኋላ በሜታኖሉ ቃጠሎ ራሱ እንደጋለ ይቆያል። ኮይሉም ኮንደንሰሩም ድንጋዩም መሬት ቀሩ። የካንዴላዎቹ ዘመን በአጭር ጊዜ ውስጥ አበቃ፣ ሞተሮቹም እጅግ አነሱ፣ ረከሱም።

በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ሀብታም ከሆኑት አንዱ የካሊፎርኒያው ሮይ ኮክስ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ የፕላስቲክ አውሮፕላን መሸጥ ጀመረ፤ ለዎከር ግን አልከፍልም አለ። ተካሰሱ። በ1955 ጉዳዩ ሲታይ የኮክስ ወገን ኦባ ሴንት ክሌር የሚባል ሰው አቀረበ። እሱም የኦሪገን ሰው ነው። ዎከር መብቱን ከመጠየቁ በፊት፣ በሽቦና በመዘውር የሚታዘዝ አውሮፕላን አብርሯል፤ የፈጠራ መብት ግን አልጠየቀበትም። ሕጉ ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ በተጠቀመበት ነገር ላይ መብት አይሰጥም። የዎከር መብት ወደቀ።

እዚህ ላይ ዎከርን ሌባ ማድረግ ይቀናል፤ እኔ ግን አልስማማም። ፋየርቦልን ካርቶን ውስጥ ከትቶ በየመንደሩ ላለ ልጅ ያደረሰው እሱ ነው፤ ሴንት ክሌር ይህን አላደረገም። ዳኛው የተጠየቀው ማን እንዳዳረሰው ሳይሆን ማን እንደቀደመ ነበር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ሴንት ክሌር ስሙ የወጣው ሁለት ነጋዴዎች በገንዘብ ስለተጣሉ ብቻ ነው። ኮክስ እሺ ብሎ ቢከፍል ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር?

ዎከር በ1958 ሞተ። ዛሬ የድሮ ካንዴላ ሞተር የሚሰበስቡ ሰዎች ኮይሉንና ድንጋዩን መልሰው ገጥመው በሜዳ ላይ ያዞሯቸዋል። ብዙዎቹ አሁንም ነገሩን የሚጠሩት ዎከር ባወጣለት ስም፣ ዩ-ኮንትሮል ብለው ነው።